ብድግ ቁጭ የሚለው ቁልፍ

እናንተ ሥራችሁ ምንድን ነው ስትባሉ ባንድ ቃል የምትመልሱ ሰዎች ምንኛ ታድላችኋል! አስተማሪ ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ፣ ሹፌር ነኝ ትላላችሁ፤ ጠያቂውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እኔ ቆቦ ከተማ ተቀምጬ ድረ ገጽ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር ጠያቂው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ ጫማዬን ያያል፣ ከዚያ በሐዘኔታ «አይዞህ፣ ሥራ አይጠፋም» ይለኛል።

እናቴ ይህን ጣጣ በራሷ መንገድ ፈታችው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኮምፒውተር ይጠግናል» ብላ አወራች። ከዚያ ወዲህ ደጃችን የተበላሸ ዕቃ ማራገፊያ ሆነ። ቴሌቪዥን መጣ፣ ካውያ መጣ፣ አንድ ገበሬ ደግሞ የመስኖ ፓምፑን በጋሪ አስጭኖ መጣ። አልችልም ለማለት አፍሬ ፓምፑን ፈታታሁት። መልሼ ስገጥመው ብሎን ተረፈኝ። ፓምፑ ከዚያ በኋላ ውኃ መሳቡን ትቶ አየር መንፋት ጀመረ፤ ገበሬውም እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ይነፍገኛል።

ይህ ሁሉ ግን የሳቅ ነበር። እውነተኛውን ጭንቅ ያየሁት ዘይነባን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ነው።

ዘይነባ እዚሁ ቆቦ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እሷን ለማየት ስል ራሴን ሳያመኝ የራስ ምታት ክኒን እየገዛሁ ቤቴ ውስጥ ሌላ መድኃኒት ቤት ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር። ኋላ ላይ «አንተ፣ ይህን ሁሉ የምትውጠው ከሆነ እኔን ሳታገባ ትሞታለህ» አለችኝ። እንዲህ ነው የተግባባነው።

የሮቢት ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ እብሬ ሮቢት ላይ በሽንኩርት እርሻቸውና በሽንኩርት ንግዳቸው የታወቁ ናቸው። ከሽንኩርቱ ይልቅ ደግሞ በጨዋነታቸው ይታወቃሉ። ጨዋነታቸው ለሰው ያስቸግራል። ሰርግ ቤት ተጠርተው ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ይቆሙና ሰው ሁሉ ካልለመናቸው አይገቡም፤ ሲገቡም የአግዳሚውን ጠርዝ ነካ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ የወንበሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቀሙት ይባላል። ለሰው ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ከሰውም ይጠብቃል። «አባዬ ሲገባ ከመቀመጫው ያልተነሳ ሰው ሁለተኛ ስሙ እኛ ቤት አይነሳም» ብላኛለች ዘይነባ።

ሽማግሎቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው አጎቴ ሰይድ ናቸው፤ ድሮ ከአፋር በኩል ግመል እየነዱ ይነግዱ የነበሩ፣ ጉራ የሚወዱ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጤና ረዳትነት ወባ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን። በኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ተቀላቅሎ ሲላክ እምቢ ለማለት አይመችም ይባላል። ለጋሽ እብሬ ግን ተመቻቸው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

«ገጽ ይሠራል» አሉ አጎቴ።

«የምን ገጽ?»

«የኮምፒውተር።»

«ወረቀት አለው?»

«የለውም።»

«ይዳሰሳል?»

አጎቴ ጋሽ ደምሴን አዩአቸው። ጋሽ ደምሴ ጣራውን አዩ።

«እኔ ልጁን አልናቅሁትም፣ ወላሂ» አሉ ጋሽ እብሬ። «ግንበኛ ግንቡን ያሳያል፤ ልብስ ሰፊም ልብሱን። እሱም የሠራውን ያሳየኝና በእጄ ነክቼ ልየው። ከዋጃም የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። የነሱ ልጅ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና አለው። ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ መኪናውን በር ላይ አቁመው ነው የገቡት።»

ይህን ስሰማ ኤፍኤስአሩ ከነጭነቱ ደረቴ ላይ ወጥቶ ቆመ። እኔ በር ላይ ምን ላቆም ነው?

ለጋሽ እብሬ ድረ ገጽ ልሠራላቸው ወሰንሁ። ከላይ ስማቸው፣ መሐል ላይ ቀይ ሽንኩርታቸው ተከምሮ የሚያሳይ ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ «ሽንኩርት ይዘዙ» የሚል አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ። ምነው እዚያ ላይ ባቆምሁ ኖሮ! ግን የአማት ነገር ነው፣ ሰው ያብዳል። እኚህ ሰው መነሳት ይወዳሉ፣ ስለዚህ ቁልፉ ይነሳላቸው ብዬ አሰብሁ። የገጹን መልክና አለባበስ በሚያዘው ኮድ ውስጥ ገብቼ፣ የማውሱ ቀስት ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ቁልፉ ከተቀመጠበት ወደ ላይ ብድግ እንዲል፣ ቀስቱ ሲሄድ ደግሞ ተመልሶ ቁጭ እንዲል አደረግሁ። ሞከርሁት። ቀስቱን ሳሳርፍበት ብድግ፣ ስወስድ ቁጭ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። አጎቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። አጎቴ አፋቸውን ይዘው ቆዩና እኔ ሳልሰማ ስልካቸውን አውጥተው ሮቢት ደወሉ። «ጋሽ እብሬ፣ ይሄ ልጅ ለታላቅ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳ ቁልፍ ሠርቷል!» አሉ። ጉራው ከአፋቸው አመለጠ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም።

እንደምታውቁት ሽማግሌ የላከ ልጅ ሽማግሎቹ ካሉበት አይገኝም። ነውር ነው። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ አጎቴን አስያዝሁና ከጋሽ ደምሴ ጋር ሚኒባስ ላይ ሰቀልኋቸው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ቀርቼ ጥፍሬን በላሁ። የሰው ልጅ ስለ ራሱ ዕድል የሚሰማው ሁሉ በአጎቱ በኩል ሲሆን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያልደረሰበት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አጎቴ ከሚኒባሱ ሲወርዱ አላዩኝም። ማለቴ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«ምን ሆነ?» አልሁ።

«ተንቀጠቀጠ» አሉ አጎቴ።

«ማን?»

«ቁልፍህ ነዋ! ሰውዬው ማውሱን ይዘው ቢስሚላህ ብለው ቀስ አድርገው ተጠጉ። ቁልፉ ብድግ ሊል ጀመረና ቁጭ አለ። ደግሞ ብድግ፣ ደግሞ ቁጭ። ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ! ተነስቼላቸው ነው ብሎ ግማሽ ቂጡን አንስቶ መልሶ የሚቀመጥ ባለጌ አጋጥሞህ ያውቃል? እንደዚያ። ሰው ፊት ተዋረድሁ።»

«ወባ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «አንቀጥቅጦ ይተዋል፣ ደግሞ ይመጣል። እኔ አይቼዋለሁ።»

«ጋሽ እብሬስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ጨዋ አይደሉ! ማውሱን በክብር አስቀመጡና ‘ይሄ ቁልፍ ይቀልድብኛል መሰለኝ’ አሉ። እሑድ ጠዋት አስተካክላችሁ አምጡት ብለዋል። ከሰዓት የዋጃዎቹ ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ቃላቸውን ይሰጣሉ።»

ላፕቶፑን ቀምቼ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ከፈትሁ። ቀስቱን አሳረፍሁበት፤ ቁልፉ ብድግ አለ፣ እንደተነሳም ቀረ። ሞከርሁ፣ ደገምሁ። ሎሌ እንኳ እንዲህ አይታዘዝም። አጎቴ ሞከሩ፤ እሳቸው ቀስቱን እንደ ጦር መሐሉ ላይ ነው የሚሰኩት፣ ብድግ አለላቸው። ጋሽ ደምሴ የበሽተኛ ሆድ እንደሚዳስስ ሰው እምብርቱ ላይ ተጫኑት፤ ለሳቸውም ብድግ አለ።

«አየህ፣ ለቆቦ ሰው ደህና ነው» አሉ አጎቴ። «ሮቢት ሲደርስ ነው የሚያመው።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የማይታይ በሽታ ማከም ከባድ ነው። እፊቴ ቢንቀጠቀጥልኝ ምክንያቱን አገኘው ነበር። እኔ ፊት ግን ጤነኛ ነው። ያለኝ ማስረጃ የሁለት ሽማግሌ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም አንዱ ባለጌ ነው ሲሉ ሌላው ወባ ነው ይላሉ።

በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ስናገር አፍራለሁ። መጀመሪያ ቁልፉ የቸኮለ እየመሰለኝ አዘገየሁት። ከመዘግየቱ የተነሳ አጎቴ ቀስቱን አሳርፈው፣ ሲጠብቁ ሰልችቷቸው፣ ዞር ብለው ከሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ሲመለሱ ገና እየተነሳ አገኙት። «ይሄስ ሪህ አለበት» አሉ ጋሽ ደምሴ። ከዚያ አፈጠንሁት፤ መነሳቱም መቀመጡም አልታይ አለ። ማውሱ ይሆናል ብዬ ከጎረቤት ማውስ ተዋስሁ። የቆላው አቧራ ይሆናል ብዬ የማውሱን ሆድ በጥጥ ጠረግሁ። አዲስ አበባ ላለ በሙያው ለሚሠራ ጓደኛዬ ኮዱን ላክሁለት፤ ስልክ ደውሎ «እኔ ጋ ይሠራል» አለኝ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ሰው የሚያናድድ ነገር በሙያችን የለም። አንተ ጋ ቢሠራ ምን ይጠቅመኛል፣ ዘይነባን የምታገባት አንተ ነህ?

ኢንተርኔት ላይ ጠየቅሁ። ኔትዎርኩ እየመጣ እየሄደ፣ መብራቱም አብሮት እየሄደ፣ አንድ የማላውቀው ባለሙያ መልስ ሰጠኝ። መልሱ አጠያየቄ ትክክል አለመሆኑን የሚያስረዳ ረጅም ተግሣጽ ነበር። ሌላው መጥቶ ከሱ ጋር ተጣላ። ሁለቱ ሲሰዳደቡ የኔ ጥያቄ ከሥር ተቀበረ።

እናቴ የፊቴን መክሳት አይታ ለላፕቶፑ ዱዓ አስደርጋለሁ አለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ጠበል አምጥተው «ከላይ ከላይ ብቻ ነው የምረጨው፣ አታስብ» አሉኝ። ዱዓውን እሺ አልሁ። ጠበሉን ግን ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ ጓዳ ገብቼ በመቆለፍ ነው ያመለጥሁት።

«ነገሩን መተው አትችልም?» ትሉኝ ይሆናል። ብድግ ማለቱን አጥፍተህ ቁልፉን ዝም ብለህ አስቀምጠው፣ ተገላገል። አጎቴን እንዲሁ ብያቸው ነበር። «ለታላቅ ይነሳል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ፣ አሁን ጭራሽ የማይነሳ ቁልፍ ይዤ ልሂድ? እኔን ቅበረኝና ላከው» አሉ።

ቅዳሜ ዘይነባ ደወለች።

«ተስተካከለ?»

«እየተስተካከለ ነው።»

«እየተስተካከለ ማለት አልተስተካከለም ማለት ነው። አንተ፣ በአላህ፣ ነገ እኔን ኤፍኤስአር ላይ ልታስጭነኝ ነው?»

ቀልድ ነበር። ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው በእውነት ላጣት እንደምችል የገባኝ። ሰው በበሽታ፣ በርቀት፣ በወላጅ ጠብ የሚወዳትን ያጣል፤ እኔ በአንድ አረንጓዴ ቁልፍ መንቀጥቀጥ ላጣት ነው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሎቹን በሚኒባስ ሸኘሁ። ከዚያ መናኸሪያው ውስጥ መቆም አቃተኝ። የሚቀጥለው ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ገባሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ነውሩ ከጭንቀቱ ቀለለኝ። ሮቢት ወርጄ በሽንኩርት ማሳው መሐል ዞሬ ከጋሽ እብሬ ቤት ጓሮ፣ ከቁልቋል አጥሩ ሥር ደረስሁ። በአጥሩ ቀዳዳ የእንግዳ ክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል። ልቀመጥ ስል አንድ ቅጠል ከነእሾሁ ሱሪዬን አገኘው፤ መጮህ ስለማይቻል እንባዬን ብቻ አፈሰስሁ።

ውስጥ አጎቴና ጋሽ ደምሴ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ላፕቶፑ እፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሽ እብሬ ውጭ ሽንኩርት እያስጫኑ ቆይተው ወደ ቤት መጡ። መጥተውም በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆሙ። አንድ እግራቸው ደፉ ላይ፣ አንዱ ውጭ።

ሽማግሎቹ ብድግ አሉ። «ኖር!»

«ኧረ በአላህ አትነሱ!» ብለው ጋሽ እብሬ እግራቸውን ወደ ውጭ መለሱ። «ቁጭ ካላላችሁ አልገባም!»

ሽማግሎቹ ቁጭ አሉ። ጋሽ እብሬ እግራቸውን መልሰው ደፉ ላይ አኖሩ። ሽማግሎቹ እንደገና ብድግ አሉ። ጋሽ እብሬ እንደገና ወደ ውጭ አፈገፈጉ። «ወላሂ አልገባም ብያለሁ!» ቁጭ አሉ። ገቡ። ብድግ አሉ። ወጡ።

እሾሁን ረሳሁት።

ይኸውላችሁ፣ ቁልፌ ነው! ብድግ ሲሉ የሚገባው ሰው ይወጣል፤ ሰውዬው ሲወጣ ቁጭ ይላሉ፤ ቁጭ ሲሉ ይገባል። ይህ ነገር ሰውዬው መሐል ቤት ድረስ ዘልቆ ካልገባ ማለቂያ የለውም። ጋሽ እብሬ ደግሞ የትም ቢሆን ዘልቀው አይገቡም! ማውሱንም ሲይዙ እንደዚሁ ነው፤ ቀስቱን ቁልፉ ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ደጃፉ ላይ አቁመውታል። ቁልፉ በአክብሮት ወደ ላይ ሲነሳ ቀስቱ ከሥሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። ቁልፉ እንግዳው የሄደ መስሎት ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ቀስቱ ላይ ያርፋል፤ እንግዳ መጣ ብሎ ይነሳል። እኔና አጎቴ እንደ ባለጌ መሐሉ ላይ ስለምንሰካ አንድም ቀን አላየነውም።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ቁልፉን በማይነቃነቅ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ እንግዳ መምጣቱን የሚያየው ሳጥኑ እንዲሆን፣ የሚነሳው ግን ቁልፉ ብቻ እንዲሆን ማድረግ። ሳጥኑ ስለማይነሳ እንግዳውን አይጥለውም። በቃ። ግን ላፕቶፑ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ እዚህ እሾህ ላይ ነኝ፤ ጋሽ እብሬም በመጨረሻ ገብተው ተቀምጠዋል።

ለዘይነባ ደወልሁ። ጓዳ ነበረች።

«ላፕቶፑን አምጪልኝ» አልኋት በሹክሹክታ።

«የት?»

«ጓሮ። ከቁልቋሉ ሥር ነኝ።»

«አላህ ይይልህ!» ብላ ዘጋችው።

በመስኮቱ አየኋት። አንገቷን ደፍታ ገባች። «አባዬ፣ ባትሪው እንዳይዘጋባችሁ ቻርጅ ላድርግላችሁ» አለችና ላፕቶፑን አንስታ ወጣች። ጋሽ እብሬ በዓይናቸው ሸኟት። አጎቴ ግን ግራ ተጋብተው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ዘይነባ እየሮጠች መጣች። ላፕቶፑን በቁልቋሉ ላይ አሻግራ ይዛልኝ፣ እኔ በዚህ በኩል በእግሬ ጣቶች ጫፍ ቆሜ እጽፋለሁ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኗል። ዕድሜ ልኬን የጻፍሁት ኮድ እንደዚያን ቀኑ አልከበደኝም። አንድ ነጠላ ምልክት ረሳሁ፤ ገጹ ሁሉ ተበታተነ፣ ሽንኩርቱ ወደ ላይ፣ ስማቸው ወደ ታች ሄደ።

«ፍጠን!» ትለኛለች። «አባዬ ተነሳ መሰለኝ። ፍጠን እንጂ!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ጎድሏል።»

«ምኑ?»

«አላወቅሁም!»

አገኘሁት። ምልክቷን መለስሁ። ቀስቱን ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ጋሽ እብሬ በሚያቆሙበት ቦታ አቆምሁ። ቁልፉ ብድግ አለ። ቆመ። አልተንቀጠቀጠም። ዘይነባ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ላፕቶፑን ነጥቃ ሮጠች።

ስትገባ አባቷ ቀና ብለው አዩአት። «ሞላ?» አሉ።

«ሞልቷል አባዬ።»

ጋሽ እብሬ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ቀረብ አሉ። ማውሱን በሁለት ጣት ያዙት። «ቢስሚላህ።» አጥሩን ጨበጥሁ፤ ቁልቋል እንደሚጨበጥ ያን ዕለት ነው የተማርሁት። ሰውዬው ቀስቱን ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ አደረጉና እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ አቆሙት። ቁልፉ ብድግ አለ። ጠበቁት። እንደ ቆመ ቀረ። ቀስቱን ወሰዱት፤ ቁጭ አለ። መለሱት፤ ብድግ።

«ማሻአላህ» አሉ። «አሁን እንግዳ መቀበል ተማረ።»

«ብዬ አልነበር!» ብለው አጎቴ ጭናቸውን መቱ። «ወባው ለቀቀው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

በዚያች ደቂቃ ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

አጎቴ ስክሪኑን መታ መታ አደረጉት። ጋሽ ደምሴ ክዳኑ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ትኩሳት የሚለኩ ይመስላል። ጋሽ እብሬ ግን አልተገረሙም።

«ተዉት፣ ባትሪው አልቆ ነው» አሉ። «መብራት እኮ ከትናንት ጀምሮ የለም።»

ዘይነባን በመስኮቱ አየኋት፤ በሩ ሥር ቆማ መቃኗን ይዛለች። መብራት እንደሌለ አባቷ ያውቁ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር። በድንጋጤ ያገኘችውን ነው የተናገረችው። አለቀልኝ አልሁ በልቤ። ተያዝን። ሽማግሌ ልኮ በጓሮ የሚሠርቅ ልጅ፣ አባቷን የምታታልል ልጅ! የዋጃዎቹ ኤፍኤስአር ሲያጓራ የሰማሁ መሰለኝ።

«ዘይነባ» አሉ አባቷ።

«አቤት አባዬ።»

«ቻርጅ ያደረግሽው በምን ነበር?»

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። አጎቴ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ይህች ልጅ ከተወለደች ዋሽታኝ አታውቅም» አሉ ጋሽ እብሬ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ጆሮዬን ቁልቋሉ ላይ ለጥፌ ነው የሰማሁት። «አንድ ዓመት ሽንኩርቴን በሽታ ፈጀው። ታምሜ ተኝቼ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ ‘ማሳው ደህና ነው፣ አብሽር’ እያለ ሄደ። ይህች ትንሽ ልጅ ነበረች፤ መጥታ አልጋዬ ሥር ቆማ ‘አባዬ፣ ሽንኩርቱ አልቋል’ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል ሲያጠራጥረኝ እሷን ነው የምጠይቅ። ዛሬ ጠየቅኋት፤ ሞልቷል አለችኝ።»

ጋሽ እብሬ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አመለከቱ።

«ያ ልጅ ጓሮዬ እንዳለ አላጣሁትም። ቁልፉን አስተካክሏል፣ ደግ ነው፣ ሥራ አለው፤ አሁን አምኛለሁ። ግን በቁልፉ አይደለም የምሰጣችሁ። ልጄ ለሱ ብላ እኔን ከዋሸች፣ ልቧ ከቤቴ ከወጣ ቆይቷል ማለት ነው። የቀረውን እኔ አስሬ ባስቀምጠው ምን ያደርግልኛል?» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ለዋጃዎቹ እንዳይደክሙ ልንገራቸው። እናንተ ደግሞ እጃችሁን አንሱ፣ ዱዓ እናድርግ።»

አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ደምሴም በጉልበታቸው ላይ መዳፋቸውን ከፈቱ። «አሚን» ሲሉ እኔም ከውጭ፣ በእሾህ የተወጋ እጄን ዘርግቼ፣ «አሚን» አልሁ።

ዘይነባ በጓዳው በር ወጥታ ወደ አጥሩ መጣች። እየሳቀች የምትመጣ መስሎኝ ነበር፤ ዘልዬ ላቅፋት ቁልቋሉን ረስቼዋለሁ። ስትቀርብ አየኋት። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እንኳን ደስ አለሽ ልበላት ወይስ አብሽሪ፣ ጠፋኝና እጄን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለክሁላት።